ለወታደር የተሠራ እግር፣ ለሚያድግ ልጅ

ይፋግ ዛሬ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚሄድ መንገደኛ በመስኮት አይቷት የሚያልፋት የሊቦ ከምከም ከተማ ናት። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ግን ነጋዴ ሳያድርባት የማያልፋት የገበያና የኬላ ቦታ ነበረች። አሞሌው በአህያና በበቅሎ ይጫናል፤ ሰዉ ከጣና ዳር እስከ ቤጌምድር ደጋ በእግሩ ይኳትናል። ሚኒባስና ባጃጅ ከመጡ ወዲህም ከዋናው መንገድ ወጣ ብሎ የሚኖረው ሰው ኑሮ ብዙ አልተለወጠም። ተማሪው ትምህርት ቤት፣ እናቱ ገበያ፣ አባቱ ማሳ የሚደርሱት በእግር ነው። እንዲህ ባለ አገር መራመድ ያቃተው ልጅ ትምህርቱም፣ ሥራውም፣ ከእኩዮቹ ጋር መዋሉም አብረው ይቀሩበታል።

የአጥንት ካንሰር የሚመጣው ደግሞ በዚሁ በእግር ላይ ነው፤ ያውም ልጁ በፍጥነት በሚመዘዝበት ዕድሜ። ኦስቲኦሳርኮማ የሚባለው ዋነኛው ዓይነት አብዛኛውን ጊዜ ከ10 እስከ 20 ዓመት ያሉትን ልጆች ይይዛል። የሚወደው ቦታ ጉልበት አካባቢ ነው፤ የጭን አጥንት የታችኛው ጫፍ ወይም የቅልጥም የላይኛው ጫፍ። አጥንት በብዛት የሚያድገው እዚያ ነውና። ሁለተኛው፣ አሜሪካዊው ጄምስ ኢዊንግ እ.ኤ.አ. በ1921 የገለጸውና በስሙ የሚጠራው ኢዊንግ ሳርኮማ፣ ከዳሌም ከእግርም ይነሣል። በሽታው ብርቅ ነው። ከ20 ዓመት በታች ካሉ አንድ ሚሊዮን ልጆች መካከል በዓመት ኦስቲኦሳርኮማ የሚይዛቸው አራት ወይም አምስት ያህል ናቸው። ብርቅነቱ ራሱ ችግር ነው፤ የገጠር ጤና ጣቢያ ባለሙያ በሥራ ዘመኑ ሙሉ አንድም ላያይ ይችላል።

ስለዚህ በሽታው ብዙ ጊዜ በሌላ ስም ይገባል። ልጁ ኳስ ሲጫወት ወድቋል፣ ጉልበቱ አብጧል፣ ሌሊት ሌሊት ያመዋል። ቤተሰቡ "ወለም ብሎት ነው" ይልና ወጌሻ ይጠራል። ወጌሻ ለአገሩ ባለውለታ ነው፤ የተሰበረ እጅ ጠግኖ፣ የወለቀ ትከሻ መልሶ ስንቱን ለሥራ አብቅቷል። ዕጢ ግን አይታሽም። በቅቤ ሲታሽ፣ በቀርከሃ ሲታሰር፣ አንዳንዴም በጋለ ብረት ሲተኮስ ወራት ያልፋሉ፤ ጠበልም ይሞከራል። ልጁ ሆስፒታል ሲደርስ እብጠቱ ጭንን አክሏል፤ በሽታው ወደ ሳንባ ዘልቆ ሊሆን ይችላል። የሊቦ ከምከም ሰው የስም ስሕተት ምን እንደሚያስከፍል ከሌላ በሽታ ያውቀዋል። በ1997 ዓ.ም. በወረዳው ሰዎች በትኩሳት ሲያልቁ መጀመሪያ የተጠረጠረው ወባ ነበር፤ የወባ መድኃኒት አልሠራ ሲል ተመርምሮ የተገኘው ካላዛር ሆነ። ያኔ ሕሙማኑ ብዙ ስለነበሩ ጩኸቱ ጎልቶ ተሰማ። የአጥንት ካንሰር ግን አንድ ልጅ ከዚህ ቀበሌ፣ ሌላው ከሦስት ዓመት በኋላ ከሌላ ቀበሌ ነውና ማንም አብሮ ቆጥሮ አይጮኽለትም።

እግር ቆረጣ በእኛ አገር የከበደ ታሪክ አለው። እጅና እግር መቁረጥ የሌባና የከዳተኛ ቅጣት ሆኖ ኖሯል። በ1888 ዓ.ም. ከዓድዋ ድል በኋላ ለጣሊያን ሲዋጉ የተማረኩ በመቶዎች የሚቆጠሩ የኤርትራ አስካሪዎች ቀኝ እጃቸውና ግራ እግራቸው ተቆርጧል። በዚያን ዘመን እግር የሌለው ሰው በመንገድ ሲታይ የሚነሣው የመጀመሪያ ጥያቄ "ምን አጥፍቶ ነው?" ቢሆን አይገርምም። ዛሬ ይህን ታሪክ እየጠቀሰ ቀዶ ሕክምና እምቢ የሚል ወላጅ ያለ አይመስለኝም። "ከእነ እግሩ ይሙት" የሚለው ቃል ግን አሁንም በሕፃናት ክፍሎች ይሰማል። ቃሉን እንደ ድንቁርና የሚያዩ ሐኪሞች አሉ፤ እኔ እንደዚያ አላየውም። ወላጁ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ እግሩ ከተቆረጠ በኋላ ይህ ልጅ በምን ይኖራል? ለዚህ ተጨባጭ መልስ ሳይሰጡ ፈርም ማለት ፍርድ አይደለም።

በሌላው ዓለምም መልሱን ያመጣው ሕክምና ሳይሆን ጦርነት ነው። የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት እ.ኤ.አ. በ1861 ሲጀመር እግሩን ያጣው ወጣቱ ጄምስ ሃንገር ከበርሜል እንጨት ለራሱ እግር ሠርቶ ስሙን የያዘ ኩባንያ አቋቋመ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ከ41,000 በላይ የብሪታንያ ወታደሮች እጅ ወይም እግራቸውን አጡ፤ ለእነሱ ሲባል እ.ኤ.አ. በ1915 በለንደን ሮሃምፕተን የሰው ሠራሽ አካል ሆስፒታል ተከፈተ። የእኛም መንገድ ከዚህ አይርቅም። የቸሻየር በጎ አድራጎት እ.ኤ.አ. ከ1962 ጀምሮ በመናገሻ በተለይ የፖሊዮ ልጆችን ሲያስታምም ቆይቷል። አርቴፊሻል እግር በብዛት የተፈለገው ግን ከሶማሊያ ጦርነትና ከሰሜኑ ውጊያ የተመለሱ ወታደሮች ደብረ ዘይት ጀግኖች አምባ ሲገቡ፣ ፈንጂም ገበሬውን ሲያጠቃ ነው። ዓለም አቀፉ የቀይ መስቀል ኮሚቴ ባሕር ዳርንና ደሴን ጨምሮ በየክልሉ ያሉትን የአካል ተሃድሶ ማዕከላት በቁሳቁስና በሥልጠና ሲደግፍ የቆየውም ከዚሁ የተነሣ ነው። ማዕከላቱ የሚሠሩበት ፖሊፕሮፒሊን የተባለው ፕላስቲክ ርካሽና ጠንካራ ነው፤ ተሰብሮም ይጠገናል።

ወታደር ግን አያድግም። የ25 ዓመት ሰው ቁስሉ ድኖ፣ እብጠቱ ወርዶ፣ እግሩ አንዴ በልኩ ከተሠራለት ለዓመታት ይገለገልበታል። የ12 ዓመት ልጅ በዓመቱ ደህነኛው እግሩ ረዝሞ፣ ሰው ሠራሹ አጥሮ፣ የቀረው ጭኑ ሰፍቶ ሶኬቱ፣ ማለትም ጭኑ የሚሰካበት የሰው ሠራሹ እግር ማቀፊያ፣ አልገባው ይላል። በልጆች ላይ ደግሞ የተቆረጠው አጥንት ጫፍ አድጎ ቆዳውን የሚወጋበት ጊዜ አለ፤ ያኔ እንደገና ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋል። ለወታደር የተዘረጋ አገልግሎት "ውሰድና ሂድ" ብሎ ሊያሰናብት ይችላል፤ ልጁን የሚያገለግለው ግን ቁመቱ እስኪቆም ድረስ በየዓመቱ የሚጠራው ነው።

ለካንሰር ሕሙማን ይህ ጥያቄ የመጣው ዘግይቶ ነው፤ ከዚያ በፊት የሚተርፍ ጥቂት ነበርና። እ.ኤ.አ. እስከ 1970ዎቹ እግሩ ወዲያው ከተቆረጠለት ልጅ እንኳ ከአምስቱ አንዱ ቢተርፍ ነው። ካንሰሩ በዓይን ሳይታይ ቀድሞ ሳንባ ገብቷል። ኬሞቴራፒ ይህን ለወጠው። በቦስተን ኖርማን ጃፌና ባልደረቦቹ ሜቶትሬክሴት የተባለውን መድኃኒት በከፍተኛ መጠን መስጠት ጀመሩ። በዚህ ሙከራ ካለፉት አንዱ እ.ኤ.አ. በኅዳር 1973፣ በ12 ዓመቱ፣ ቀኝ እግሩ ከጉልበት በላይ የተቆረጠው የሴናተር ኤድዋርድ ኬኔዲ ልጅ ነው። ዶክሶሩቢሲንና ሲስፕላቲን ሲጨመሩ፣ በሽታው ሳይሰራጭ የተደረሰባቸው በበለጸጉ አገሮች ያሉ ልጆች ከ60 በመቶ በላይ መዳን ቻሉ። በ15 ዓመቱ የዳነ ልጅ ከፊቱ 50 ዓመት አለው። የመራመድ ጥያቄ ያኔ ተነሣ።

ጥያቄውን ለዓለም ያሳየው ሐኪም አልነበረም። ካናዳዊው ቴሪ ፎክስ እ.ኤ.አ. በ1977፣ በ18 ዓመቱ፣ በኦስቲኦሳርኮማ ምክንያት ቀኝ እግሩ ከጉልበት በላይ ተቆረጠ። በሚያዝያ 1980 ከኒውፋውንድላንድ ተነሥቶ ካናዳን በሩጫ ሊያቋርጥ ጀመረ። በቀን የማራቶን ያህል ርቀት ነው። እግሩ ለእርምጃ እንጂ ለሩጫ የተሠራ ስላልነበር ደህነኛውን እግሩን ሁለት ጊዜ እየነጠረ ሰው ሠራሹን ይጠብቃል፤ ያንን አነካከስ በፊልም ያየ አይረሳውም። በ143 ቀን 5,373 ኪሎ ሜትር ሸፈነ፤ ካንሰሩ ሳንባው ላይ ተመልሶ አስቆመው፤ በሰኔ 1981 በ22 ዓመቱ አረፈ።

እኛ ግን ከቴሪ ፎክስ አሥር ዓመት ቀድሞ የራሳችን ምስክር ነበረን። አበበ ቢቂላ በ1961 ዓ.ም. በመኪና አደጋ ከወገቡ በታች ሽባ ሆኖ ወደ እንግሊዝ ስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል ተላከ። የሆስፒታሉ የአከርካሪ ጉዳት ክፍል መሥራች ሉድቪግ ጉትማን እ.ኤ.አ. ከ1940ዎቹ ጀምሮ ስፖርትን ከሕክምናው ጋር አንድ አድርጎ፣ ሽባ የሆኑ ወታደሮችን በቀስትና በኳስ ሲያክም የነበረ ሰው ነው፤ ፓራሊምፒክም ከእሱ ሥራ የተወለደ ነው። አበበ ወራት እዚያ ቆየ፤ በ1962 ዓ.ም. በቀስት ውርወራና በጠረጴዛ ቴኒስ ተወዳደረ፤ በዓመቱ ኖርዌይ ሄዶ በበረዶ መንሸራተቻ አሸነፈ። የሮምንና የቶኪዮን ድል የማያውቅ ኢትዮጵያዊ የለም፤ ይህን የመጨረሻውን ምዕራፍ ግን እንደ ሐዘን እንጂ እንደ ሕክምና አላነበብነውም። በእኔ ግምት አበበ ለአካል ጉዳተኛ ልጆቻችን የተወው ትልቁ ትምህርት ከሮም ይልቅ በስቶክ ማንደቪል ያለው ነው።

በአውሮፓና በአሜሪካ ቀዶ ሐኪሞቹ እግርን አለመቁረጥ ተማሩ። ካንሰር የያዘውን አጥንት አውጥተው በብረት መገጣጠሚያ ይተካሉ፤ ለሚያድግ ልጅ የሚረዝም ብረትም ተሠርቷል። ውድ ነው፤ ይላላል፤ ይመረቅዛል፤ በዕድሜ ልክ ደጋግሞ ቀዶ ሕክምና ይጠይቃል። ከጭን አጥንት እድገት 70 በመቶ ያህሉ ከጉልበት አጠገብ ካለው ጫፍ ስለሚመጣ፣ ያ ጫፍ ለወጣለት ትንሽ ልጅ ተራ ብረት በጥቂት ዓመት ያጥራል። ሌላ መላ ደግሞ አለ። ሲሰሙት ያስደነግጣል፤ እኔ ግን ለገጠር ልጅ ሊታሰብበት ይገባል ብዬ አምናለሁ። ጀርመናዊው ቦርግሬቭ እ.ኤ.አ. በ1930 ያሳተመው፣ በ1970ዎቹ ደግሞ የቪየና ሐኪሞች ለካንሰር ያዋሉት ዘዴ ነው። ጉልበቱ ከነዕጢው ይወጣል፤ የታችኛው እግር በነርቩ እንደተያያዘ ወደ ኋላ ዞሮ ከቀሪው ጭን ጋር ይገጠማል፤ ተረከዙ ወደ ፊት፣ ጣቶቹ ወደ ኋላ ይሆናሉ። ቁርጭምጭሚቱ ጉልበት ሆኖ ይሠራል፤ ከሥሩ ሰው ሠራሽ እግር ይለበሳል። ለዓይን ይከብዳል። ነገር ግን የሚላላ ብረት የለበትም፤ የራሱ አጥንት ነውና ያድጋል፤ እንዲህ የታከሙ ልጆች ይሮጣሉ፣ ኳስ ይጫወታሉ። የሠለጠነ ቀዶ ሐኪም ግን ይፈልጋል፤ ቤተሰቡም አስቀድሞ በሥዕል ሊያየው ይገባል።

በእኛ አገር ብዙዎቹ ዘግይተው ስለሚመጡ የሚጠብቃቸው አሁንም መቆረጥ ነው። ከዚያ በኋላ ያለውን ቀረብ ብሎ ማየት ይጠቅማል። ቁስሉ ሲጠግግ የቀረው ጭን በላስቲክ ፋሻ ይጠቀለላል፤ ዙሪያውን እንደ መቀነት ሳይሆን በሰያፍ እየተመሳቀለ፣ ጫፉ ላይ ጠበቅ፣ ወደ ላይ ላላ እያለ። ዙሪያውን ከታነቀ ጫፉ ያብጣል፤ ሶኬትም አይገባውም። ልጁ በቀን ደጋግሞ በሆዱ ይተኛል። ትራስ ከጭኑ ሥር ማድረግ ክልክል ነው፤ እናቶች በርኅራኄ የሚያደርጉት ግን ይህንኑ ነው። ያ ትራስ ዳሌውን አጥፎ ያስቀረዋል፤ የታጠፈ ዳሌ ቀጥ ብሎ አይቆምም። ከዚያ ፊዚዮቴራፒስቱ በሁለት አግዳሚ ብረቶች መካከል ያቆመዋል። በመጀመሪያ ሥራው ክብደቱን ወደ ሰው ሠራሹ እግር ማዛወር ብቻ ነው። ልጁ አያምነውም፤ ብረቱን እንቅ አድርጎ ይይዛል። አንድ እጅ ይለቃል፤ ሌላውን ይለቃል። ከብረቱ ወጥቶ ደረጃ፣ ከደረጃው ኮረኮንች ይቀጥላል።

እግሩ ላልተቆረጠ ልጅም ቢሆን ሥራው አይቀልም። ኬሞው ከግማሽ ዓመት በላይ ይወስዳል። በዚያ ጊዜ የፊት ጭን ጡንቻ ይሟሽሻል፤ ለኢዊንግ የሚሰጠው ቪንክሪስቲን የእግር ነርቭ ያደነዝዝና ጣት መሬት እየጎተተ ያደናቅፋል። መፍትሔው ቀላል የሚመስል ነገር ነው። የታጠፈ ጋቢ ከጉልበት ሥር አድርጎ ወደ ታች መጫን፣ እግርን ቀጥ አድርጎ ማንሣት፣ ከወንበር ሳይደገፉ መነሣት፣ ደፍ ላይ መውጣትና መውረድ። በጀርመኗ ሙንስተር የአጥንት ዕጢ ያለባቸውን ልጆች እርምጃ በመሣሪያ የቆጠሩ ተመራማሪዎች በሕክምና ላይ ያሉት ከጤነኛ እኩዮቻቸው እጅግ ያነሰ እንደሚራመዱ አይተዋል። በሽታው ብርቅ ስለሆነ በእንቅስቃሴ ላይ የተደረጉት ጥናቶች ትንንሽ ናቸው፤ የሚያሳዩት ግን በጥንቃቄ ከተሠራ ሕክምናው ላይ እያሉ መጀመር እንደሚቻል ነው። ትኩሳት ካለ ወይም የደም ሕዋሳት ከወረዱ ያርፋሉ፤ የተቀረው ጊዜ ግን የአልጋ አይደለም።

አንድ የሚረሳ ነገር አለ። ዶክሶሩቢሲን፣ ሕሙማን "ቀዩ" የሚሉት፣ ልብን ይጎዳል፤ ጉዳቱ ከዓመታት በኋላ ሊወጣ ይችላል። ከጉልበት በላይ እግሩ የተቆረጠ ሰው ደግሞ ያንኑ መንገድ ለመሄድ ከሌላው የበለጠ ጉልበት ያወጣል። ስለዚህ ዳገት ላይ የሚያለከልክ ልጅ እግሩ ሳይሆን ልቡ ሊሆን ይችላል የደከመው። ለዚህ መለኪያው ርካሽ ነው። በ30 ሜትር ሜዳ ላይ ልጁ ስድስት ደቂቃ ሙሉ ይመላለሳል፤ የሄደው ሜትር ይጻፋል፤ ከስድስት ወር በኋላ ይደገማል። የሚያስፈልገው ገመድ፣ ሰዓትና መዝገብ ነው። የይፋግ ጤና ጣቢያ ግቢ ይበቃዋል። ቁጥሩ ከቀነሰ ልጁ ይላካል፤ ለሶኬቱም ይሁን ለልቡ።

ባለፉት 20 ዓመታት በአገራችን ካንሰሩን ማከም በኩል የተሠራው ቀላል አይደለም። ልጃቸውን በደም ካንሰር ያጡ ወላጆች በ1996 ዓ.ም. የማቲዎስ ወንዱ የካንሰር ሶሳይቲን አቋቋሙ። እ.ኤ.አ. በ2013 ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የሕፃናት ካንሰር ስፔሻሊስቶችን ማሠልጠን ጀመረ፤ ጎንደርም የሕፃናት ካንሰር ሕክምና ይሰጣል። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ፊዚዮቴራፒስቶችን ያሠለጥናል፤ ከካናዳው ኩዊንስ ዩኒቨርሲቲ ጋርም የአገሪቱን የመጀመሪያ የኦኩፔሽናል ቴራፒ ትምህርት ከፍቷል። ሰው ሠራሽ እግር ባሕር ዳር ይሠራል። ይፋግ በሁለቱ ከተሞች መካከል ናት። በካርታ ሲታይ እንደ ይፋግ ልጅ የታደለ የለም።

በተግባር ግን ኬሞው በአንድ መዝገብ፣ እግሩ በሌላ መዝገብ ነው፤ አንደኛው ጤና ቢሮ፣ ሌላው የማኅበራዊ ጉዳይ። የካንሰር ክፍሉ "ጨርሰሃል፣ ለክትትል ተመለስ" ሲል ወረቀቱ ላይ የደም ምርመራና የሳንባ ራጅ ቀን አለ፤ የእርምጃ ቀን የለም። የመኪና መሳፈሪያውን፣ የአልቤርጎውን፣ የሸኚውን ወጪ የሚችለው ቤተሰቡ ነው። ካለፉት ዓመታት ግጭቶች ወዲህ ደግሞ መንገዱም አስተማማኝ አይደለም፤ በማዕከላቱ ወረፋ ላይም ቁስለኛው በዝቷል። ልጁ የጠበበውን ሶኬት አውልቆ ምርኩዙን ያነሣል። ክረምት ሲገባ የፎገራ ሜዳ ጥቁር አፈር ምርኩዙንም ይውጣል። ሰው ሠራሹን እግር ለብሶ ጭቃ የገባ ሰው ደግሞ የጎማው እግር እየከበደ በጭቃው መሳቡን ያውቀዋል። ሲቀመጥም ዱካና ቁጢጥ ይጠብቁታል፤ እነዚህን አዲስ አበባ ወይም ጄኔቫ ተቀምጦ እግር የሚሠራ ሰው አያስብልህም።

ባሕር ዳር በዚህ በኩል ያልተጠቀምንበት ጸጋ አላት፤ ብስክሌት። ከተማዋ ሜዳ ናት፤ ሠራተኛውም ተማሪውም ብስክሌት ለምዷል። ብስክሌት ጉልበትን ሳያደቅ ጡንቻን ያጠነክራል፤ አንድ እግር ያለውም በአንድ ፔዳል ይነዳል። በአካል ተሃድሶ ማዕከል ደጃፍ ሁለት ብስክሌት ማቆም ምን ያህል ያስወጣል?

ለወላጆችና ለጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች፦ ከጉልበቱ አጠገብ አብጦ ሌሊት የሚያመው፣ ሳምንታት አልፈው ያልተሻለው ልጅ ካለ አይታሽ፤ አይተኮስ፤ መጀመሪያ ራጅ ይነሣ። ታክሞ ለተመለሰው ደግሞ፣ የካንሰር ክትትል ወረቀቱ ላይ የፊዚዮቴራፒና የሶኬት ቀጠሮ እንዲጻፍለት ሐኪሙን ጠይቁ። ሶኬቱ የጠበበው ልጅ ያደገ ልጅ ነውና ወደ ባሕር ዳር መልሱት።